ከባሕር ዳር ዓሣ ስናጠምድ፦ ዘንጉ፣ መንጠቆውና ወደ ቤት የማይገባው ዓሣ

በቅርያት መላኺ፣ በገደራና በያቭኔ ለምንኖር ቤተሰቦች ባሕሩ ሩቅ አይደለም። የአሽዶድና የፓልማሒም ዳርቻ በአጭር ጉዞ ይደረሳል። በሥራዬ ከማገኛቸው አባቶች መካከል ዐርብ ጠዋት ከልጆቻቸው ጋር ዘንግ ይዘው የሚወርዱ አሉ፤ ሁሌም ደስ ይለኛል። በየቢሮው ልጅ ለአባቱ አስተርጓሚ ነው፤ ባሕር ዳር ግን አባት የሚያሳየው ነገር አለው።

ይሁን እንጂ ጣና ዳር ያደገ ሰው እንኳ እዚህ አዲስ የሚማረው አለ። የለመድነው ቆሮሶ የጣፋጭ ውኃ ዓሣ ነው፤ ዘመዱ በየገበያው አምኑን ወይም ሙሽት ተብሎ ይሸጣል። ብዙዎች የሚጠይቁኝ ቀዩ ስናፐር ደግሞ የሞቃት ባሕር ዓሣ ነው፤ ምጽዋ የኖሩ ዘመዶቹን በቀይ ባሕር ያውቋቸዋል። በእኛ አሸዋማ ዳርቻ ግን በብዛት የሚጠበቁት ሙርሚርና ደኒስ ናቸው። ስናፐርም እነዚህም የሚመገቡት ከባሕሩ ወለል አጠገብ ስለሆነ አያያዛቸው ይመሳሰላል፦ ምግቡን ወደ ታች ማውረድና መታገሥ።

ለዚህ አራት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዘንግ፣ ክር መጠቅለያና 0.30 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ናይሎን ይበቃል። ከ60 እስከ 100 ግራም የሚመዝነው እርሳስ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ ክሩ በውስጡ እንዲንሸራተት ነው። ዓሣው ሲጎትት ክብደቱ ካልተሰማው አይጠራጠርም። ከእርሳሱ በታች ትንሽ ተሽከርካሪ ቀለበት ይታሰርና ከእሱ አንድ ሜትር ያህል ቀጠን ያለ ክር፣ ጫፉ ላይም ትንሽ መንጠቆ ይደረጋል። ትልቅ መንጠቆ ትልቅ ዓሣ ያመጣል የሚሉ አሉ፤ የሙርሚር አፍ ግን ትንሽ ነው። ለምግብ የአሸዋ ትል ወይም የስኩዊድ ቁራጭ ጥሩ ነው። (መንጠቆ ላይ የሚሰካው የግድ ኮሸር መሆን የለበትም፤ የሚበላው ዓሣው ነው።)

ሩቅ መወርወር ሁልጊዜ አይጠቅምም። ማዕበሉ ከሚሰበርበት የአሸዋ ጉብታ ወዲህ ውኃው ጠቆር ብሎ የሚታይበት ሸለቆ አለ፤ ዓሣው ማዕበሉ የገለጠውን ትልና ቀንድ አውጣ የሚለቅመው እዚያ ነው። ምሽትና ንጋት ከቀትር ይሻላሉ። ማዕበል ሲበረታ ግን በወደብ ግንብ ድንጋዮች ላይ አትቁሙ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ ከቀይ ባሕር ብዙ ዓሦች ወደ ሜድትራኒያን ገብተዋል። ከመካከላቸው አደገኛው ዓሣ አጥማጆች አቡ ናፍሓ የሚሉት ነው። ጀርባው ነጠብጣብ፣ ጎኑ ላይ እንደ ብር የሚያበራ መስመር፣ ሆዱ ነጭ ሆኖ ሲያዝ ይነፋል። አራት ጥርሶቹ እንደ መቆንጠጫ መንጠቆ ይቆርጣሉ። መርዙ በጉበቱና በእንቁላሉ ይበዛል፤ ሥጋው ውስጥም አለ። መጥበስም መቀቀልም አያጠፋውም፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ከ2005 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በእስራኤል 13 ሰዎች በዚህ ዓሣ ተመርዘው ታክመዋል። መሸጡም የተከለከለ ነው።

ሌላው በገመድ መሳይ ጢሙ የጣናውን አምባዛ የሚያስታውስ፣ ነጫጭ መስመሮች ያሉት ዓሣ ነው። ይህ የሚጎዳው በእሾሁ ነው፤ ሞቶም ይወጋል።

ሁለቱም ቅርፊት የላቸውም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ይላል፤ አባቶቻችን በዚህ ምክንያት አምባዛን ይተዉ ነበር። ልጆቻችሁ የዓሦቹን ስም በዕብራይስጥ ባያውቁም በጣታቸው ቅርፊት መፈለግን አስተምሯቸው። ቅርፊት ያለው ሁሉ ግን በእጅ ይያዝ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ሲካን የሚባለው ዓሣ ይበላል፤ የጀርባው እሾህ ግን መርዝ አለው፤ በፎጣ ይዛችሁ በመቀስ ቁረጡት።

እሾህ የወጋው እጅ ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከር፤ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ከዚያ ሐኪም ይየው። ዓሣ በልቶ ከንፈሩ ወይም ምላሱ የደነዘዘ፣ ያስመለሰው ወይም እጅ እግሩ የዛለ ሰው ካለ ግን እስኪሻለው አትጠብቁ፤ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ወዲያው 101 ደውሉ፤ ከዓሣው የተረፈውንም ይዛችሁ ሂዱ።