ለማርስ ጉዞ ማን ይከፍላል?

ሰው ወደ ማርስ ሊሄድ ይችላል ወይ ሲባል ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። አንደኛው የባለሙያው ነው፤ መንኮራኩሩ ይደርሳል ወይ፣ ሰውየውስ በሕይወት ይመለሳል ወይ የሚል። ሁለተኛው የኪስ ጥያቄ ነው። ከ1968 እስከ 1972 (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) 24 አሜሪካውያን እስከ ጨረቃ ሲጓዙ ወጪው ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ነበር። ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ግን “ማርስን በራሳችን ገንዘብ እንደርስበታለን” የሚሉ ባለሀብቶች ተነሥተዋል። ይህ ዳሰሳ የሚመዝነው የእነሱን ሐሳብ ነው።

ጉዳዩ ለሆሳዕና፣ ለዱራሜና ለሾኔ አንባቢ የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ረጅምና አደገኛ ጉዞን ከቤተሰብ ኪስ መሸፈን ምን ማለት እንደሆነ የሀዲያና የከምባታ ከተሞችን ያህል የሚያውቅ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስም ቢሆን “በግል ገንዘብ የት ድረስ ይኬዳል?” የሚለውን ጥያቄ በራሱ መንገድ አልፎበታል።

መንገዱ

ጨረቃ ከእኛ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ማርስ በጣም ስትቀርብ 55 ሚሊዮን፣ በጣም ስትርቅ ደግሞ 400 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነች። ለመነሣት የሚያመቸው ጊዜ በየ26 ወሩ አንዴ ይመጣል፤ ያመለጠው ከሁለት ዓመት በላይ ይጠብቃል። መሄጃው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ከደረሱ በኋላም ሁለቱ ፕላኔቶች ለመልስ ጉዞ እስኪመቻቹ 500 ቀናት ያህል እዚያው መቆየት የግድ ነው። በድምሩ ሁለት ዓመት ተኩል ይጠጋል። ሰው በጠፈር ላይ ሳያቋርጥ የቆየበት ረጅሙ ጊዜ 437 ቀን ነው፤ ሩሲያዊው ሐኪም ቫሌሪ ፖልያኮቭ በ1994 እና 1995 በሚር የጠፈር ጣቢያ ያስመዘገበው። እሱ ግን ቢታመም በሰዓታት ውስጥ ምድር ሊወርድ ይችል ነበር። የማርስ ተጓዥ ለላከው መልእክት እንኳ መልስ የሚያገኘው፣ ሬዲዮው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ከተጓዘ በኋላ ነው።

የጠፈር ጨረር ሌላው ፈተና ነው። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ በ2011 እና 2012 ወደ ማርስ ስትጓዝ የያዘችው መሣሪያ በቀን 1.8 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ያህል ለክቷል። በምድር ላይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ የሚያገኘው አማካይ መጠን በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። መንገደኛው የእኛን የዓመት ድርሻ ከአንድ ቀን ተኩል ባነሰ ጊዜ ይቀበላል ማለት ነው። ደርሶ መልሱ ከነቆይታው 1,000 ሚሊሲቨርት ይደርሳል፤ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ግን አንድ ጠፈርተኛ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከ600 እንዳያልፍ ገደብ አስቀምጧል።

አየሩም አያኖርም። ሆሳዕና 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በከምባታው ሐምበሪቾ ተራራ አናት ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። በማርስ ላይ ያለው ግፊት የምድርን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ስስ አየር ለማረፍም አስቸጋሪ ነው፤ በፍጥነት የሚገባን መንኮራኩር ለማቃጠል ይበቃል፣ በጃንጥላ አብርዶ ለማሳረፍ ግን አይበቃም። እስካሁን በማርስ ላይ በደህና ካረፉት ሁሉ ከባድ የሆነችው ተሽከርካሪ ፐርሰቪራንስ አንድ ቶን ያህል ትመዝናለች። ሰው፣ ስንቅና መመለሻ ሮኬት የያዘ መንኮራኩር በአሥሮች ቶን የሚቆጠር ነው።

የመልሱን ነገር የምታሳይ አንዲት ሣጥን አለች። ሞክሲ የተባለች የመኪና ባትሪ የምታህል መሣሪያ ከፐርሰቪራንስ ጋር ሄዳ፣ የማርስን አየር ስባ፣ እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አግላ በኤሌክትሪክ ኃይል ኦክስጅን ለየች። ከ2021 እስከ 2023 ባሉት ጊዜያት 16 ጊዜ ሠርታ ያመረተችው በጠቅላላ 122 ግራም ነው፤ አንድ ሰው ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል የሚተነፍሰው። ዘዴው እንደሚሠራ በተግባር ተረጋግጧል። ከማርስ ሰው የሚያነሣ ትልቅ ሮኬት ግን ነዳጁ ከነኦክስጅኑ በመቶዎች፣ ምናልባትም ከሺህ በላይ በሚሆን ቶን ይለካል።

የሞከሩት

በ2001 ለሩሲያ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የመጀመሪያው ቱሪስት የሆነው አሜሪካዊው ባለሀብት ዴኒስ ቲቶ፣ በ2013 ኢንስፒሬሽን ማርስ የተባለ ዕቅድ ይዞ ብቅ አለ። ባልና ሚስት በጥር 2018 ተነሥተው፣ ሳያርፉ ማርስን ዞረው በ501 ቀን ይመለሳሉ ተባለ። ዕቅዱ በምሕዋር ስሌት ረገድ የሚያስኬድ ነበር። ነገር ግን ዓመቱ ሳያልቅ ቲቶ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የናሳን ሮኬትና የመንግሥትን ገንዘብ ጠየቀ። ገንዘቡ አልመጣም፤ ዕቅዱም ቀረ።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው የሆላንዱ ማርስ ዋን ነው። ባስ ላንስዶርፕና አርኖ ዊልደርስ በ2011 የመሠረቱት ድርጅት አራት ሰዎችን በ6 ቢሊዮን ዶላር፣ ያለ መልስ፣ እዚያው ለመኖር እንደሚልክ አስታወቀ። ገንዘቡ ከቴሌቪዥን ስርጭት መብትና ከስፖንሰር ይገኛል የሚል ነበር። ከየዓለሙ ዳርቻ አመልካቾች ተመዘገቡ፤ የማመልከቻው ክፍያም እንደየአገሩ ገቢ ይለያይ ነበር። በ2014 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕቅዱን በሒሳብ ሲፈትሹት፣ በመኖሪያው ውስጥ የሚበቅለው ሰብል ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን እንደሚያመርት፣ ይህም ካልተስተካከለ በ68 ቀን ገደማ የሰው ሕይወት እንደሚያጠፋ አሳዩ። ድርጅቱ ሮኬትም መኖሪያም ሳይሠራ በጥር 2019 በስዊዘርላንዱ ባዝል ከተማ ፍርድ ቤት መክሰሩ ታወጀ።

የሁለቱም ዋና ጉድለት የሮኬት ሳይንስ አልነበረም። ብዙ ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ፣ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ትርፍ ሳይጠይቅ የሚታገሥ ሰው ነበር የጎደላቸው።

የስፔስኤክስ ሒሳብ

ኢሎን መስክ በ2002 ያቋቋመው ስፔስኤክስ ከእነዚህ የተለየ ነው፤ ሮኬቱ አለውና። የሚያስተምረው ግን አነሣሡ ነው። ፋልከን 1 የተባለችው የመጀመሪያ ሮኬቱ ሦስት ጊዜ ከሽፋ በመስከረም 2008 በአራተኛው ተሳካላት። ያኔ ኩባንያው እጁ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ያዳነው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ናሳ የሰጠው፣ ወደ ጠፈር ጣቢያ ጭነት የማመላለስ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ነው። በ2014 ሰው ለማመላለስ 2.6 ቢሊዮን፣ በ2021 ደግሞ በጨረቃ ላይ ሰው ለማሳረፍ 2.89 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጡ ውሎች ተከተሉ። ለማርስ የታሰበው ስታርሺፕ የሚገነባው በከፊል በዚህ የግብር ከፋይ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው የገቢ ምንጭ ስታርሊንክ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሳተላይቶች በየወሩ ለሚከፍሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደንበኞች ኢንተርኔት ያደርሳሉ፤ በጎረቤት ኬንያ አገልግሎቱ ከ2023 ጀምሮ አለ። በጠፈር ታሪክ ለማርስ የሚሆን ቋሚ የግል ገቢ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ማርስ ዋን በማስታወቂያ ሊያገኘው የተመኘውን ስፔስኤክስ በአገልግሎት ሽያጭ አገኘው።

የጊዜ ሰሌዳው ግን እንደ ገቢው አልሆነም። መስክ በ2017 የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በ2024 እንደሚነሡ ተናግሮ ነበር፤ ዓመቱ ሰው ሳይነሣበት አለፈ። ስታርሺፕ ከነማስፈንጠሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው በሚያዝያ 2023 ሲሆን በአየር ላይ ፈነዳ። በጥቅምት 2024 ማስፈንጠሪያው ተመልሶ በመነሻ ማማው ክንዶች መያዙ ትልቅ እርምጃ ነበር። ያም ሆኖ አንድ ስታርሺፕ ወደ ማርስ ለመሄድ በምድር ምሕዋር ላይ ከሌሎች መንኮራኩሮች ደጋግሞ ነዳጅ መቅዳት አለበት።

ገንዘቡ ምን ይዞ ይመለሳል?

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዘዋል። ወጪው የቤተሰብ ነው፤ በሬ ይሸጣል፣ መሬት ይያዛል፣ ዕቁብ ይወጣል፣ ቀድሞ የሄደ ወንድም ይጨምርበታል፣ ደላላው ይቀበላል። ቤተሰብ ይህን ሁሉ የሚደፍረው በመንገዱ ጫፍ ሱቅ ስላለ ነው። የሄደው ልጅ ጆበርግ ወይም ደርባን ገብቶ ከሸቀጡ ትርፍ ብር ይልካል፤ በሆሳዕና ከቆሙት ፎቆች ብዙዎቹ የዚያ ብር ውጤቶች ናቸው። ገንዘቡ ወጥቶ አይቀርም፤ ቢዘገይም ይመለሳል የሚል ተስፋ አለ።

የማርስ መንገድ ጫፍ ላይ ሱቅ የለም። ተቆፍሮ ወደ ምድር ቢመጣ የትራንስፖርቱን ወጪ የሚመልስ ማዕድን አልተገኘም። ቱሪስት ቢኖር እንኳ ሁለት ዓመት ተኩል ከሥራው የሚርቅ፣ ሕይወቱን የሚያስይዝ ቢሊዮነር ይፈልጋል። መስክ በ2016 በሜክሲኮ ጓዳላሃራ ባደረገው ንግግር የአንድን ሰው ጉዞ ወደ 200 ሺህ ዶላር ማውረድ እንደሚሻ ሲናገር፣ በነበረው ቴክኖሎጂ ወጪው 10 ቢሊዮን እንደሚሆን ገምቶ ነበር። ስለዚህ ለማርስ የሚወጣ የግል ገንዘብ ኢንቨስትመንት ሊባል አይችልም፤ ስጦታ ነው፣ ወይም የአንድ ሰው ምኞት ወጪ ነው። ሰጪው ሲሞት፣ ሲከስር ወይም ሐሳቡን ሲለውጥ ጉዞው ይቆማል። ጃፓናዊው ባለሀብት ዩሳኩ ማኤዛዋ በ2018 ያስተዋወቀውን የጨረቃ ዙሪያ ጉዞ ሮኬቱ ሲዘገይ በ2024 ሰርዞታል።

ተጓዦቹ ቢጠፉ ተጠያቂው ማን ነው?

በመጋቢት 2020 በዚሁ የደቡብ አፍሪካ መንገድ ላይ፣ በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በጭነት መኪና ኮንቴነር ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የታመነባቸው 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። ሕግ በማያውቀው መንገድ ላይ ኪሳራውን የሚሸከመው ለቅሶ የተቀመጠው ቤተሰብ ብቻ ነው።

የጠፈሩ መንገድ ቢያንስ በወረቀት ደረጃ ባለቤት አለው። በ1967 የወጣው የውጭው ጠፈር ስምምነት ስድስተኛ አንቀጽ የግል ድርጅት በጠፈር ለሚያደርገው ሁሉ ዓለም አቀፍ ኃላፊነቱ የመንግሥቱ ነው ይላል፤ መንግሥት ፈቃድ መስጠትና መቆጣጠርም አለበት። ስለዚህ ከመንግሥት ውጪ የሆነ የማርስ ጉዞ በሕግም የለም። ለመንገደኛው ደህንነት ግን ሕጉ ሳስቷል። በ2004 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የግል መንኮራኩር ተሳፋሪ አደጋው ተነግሮት፣ ፈርሞ እንዲገባ ያደርጋል እንጂ እንደ አውሮፕላን ተሳፋሪ ዋስትና አይሰጠውም።

የእንጦጦ ልምድ

በአገራችን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ሲቋቋም አባላቱ 47 ነበሩ። በጊዜው ብዙዎች ድሃ አገር ምን በወጣት ብለው ነበር። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ይዞ ሲቆም ከሦስት ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን ወጪ የሸፈኑት ባለሀብቱ ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ናቸው። ቴሌስኮፕ ሲተከል ወጪው አያበቃም፤ ደመወዝ፣ ጥገናና ሥልጠና በየዓመቱ ይመጣሉ። በ2016 መንግሥት የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን ሲያቋቁም ያን ሸክም ተረከበ። በታኅሣሥ 2019 የመጠቀችው 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ 1 ሳተላይትም ከ8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪዋ አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት። በግል ልገሳ የተጀመረው ሥራ የዘለቀው በመንግሥትና በመንግሥታት ገንዘብ ነው።

ለማርስ ምርምር የኢትዮጵያ ድርሻ ከዚህም በርካሽ ይገኛል። ከ2016 ጀምሮ የአውሮፓ ተመራማሪዎች የዳሎልን ጨውና አሲድ የማርስን የጥንት ገጽታ ለመረዳት ያጠኑታል። በ2019 የወጡ ሁለት ጥናቶች በዚያ አሲድ ውስጥ ረቂቅ ሕይወት አለ፣ የለም በሚል ተለያይተዋል። በሆሳዕናው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ወይም በዱራሜ ካምፓሱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ ወይም ባዮሎጂ ለሚማር ወጣት ይህ ክርክር ቪዛ ሳይጠይቅ የሚገባበት የማርስ ሳይንስ ነው።

ታዲያ ይቻላል?

“በግል ገንዘብ ብቻ” ከተባለ መልሱ ለቅርብ ዓመታት አይቻልም ነው። ሰው ጭኖ ማርስን ዞሮ መምጣት ለአንድ ባለሀብት ከአቅም በላይ ላይሆን ይችላል። አርፎ፣ 500 ቀን ኖሮ መመለስ ግን ገና ያልተሠሩ ማሽኖችንና ትርፍ የማይጠይቅ ገንዘብን ይፈልጋል። ይበልጥ የሚያስኬደው ቅይጡ መንገድ ነው፤ ኩባንያው ሮኬቱን ይሠራል፣ በከፊልም ከኢንተርኔት ገቢው ይከፍላል፣ የቀረውን መንግሥት እንደ ደንበኛ ይገዛል። የአሜሪካ ጠፈርተኞች ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በአብዛኛው የሚመላለሱት በዚህ ዓይነት ውል ነው።

የሚመጡትን መግለጫዎች መመዘን የሚፈልግ አንባቢ ሦስት ነገሮችን ይጠብቅ። አንደኛ፣ በምሕዋር ላይ ከመንኮራኩር ወደ መንኮራኩር ብዙ ቶን ነዳጅ መቅዳት መቻሉን፤ ሁለተኛ፣ ሰው ያልጫነ ትልቅ መንኮራኩር በማርስ አርፎ፣ እዚያው ነዳጅ አምርቶ መነሣቱን፤ ሦስተኛ፣ አየርና ውኃ የሚያጣራ መሣሪያ ከምድር መለዋወጫ ሳይላክለት ሁለት ዓመት ተኩል መሥራቱን። ሦስቱ ሳይታዩ የመነሻ ቀን የሚቆርጥ ኩባንያ፣ የሀብታምም ይሁን የታዋቂ ሰው፣ ገና ገንዘብ በማሰባሰብ ላይ ነው።