አርባ አራት ቋጠሮ፣ አሥራ ሁለት ብልት፦ ገናን ማስተማሪያ ማድረግ

ታኅሣሥ ከተጋመሰ በኋላ የልጅ ልብ ክፍል ውስጥ አይገኝም እያሉ የሚያማርሩ ብዙ መምህራን አውቃለሁ። ልቡ በዓሉ ላይ ከሆነ ትምህርቱን ወደዚያው መውሰድ ነው። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ሒሳብና ቋንቋ ለማስተማር ከገና የተሻለ ሰሞን የለም ብዬ አምናለሁ። ይህን እምነት ያገኘሁት ክፍልም መጽሐፍም ባልነበረበት በሐምዳይት ነው።

ሐምዳይት ከድንበሩ ማዶ በተከዜ ዳር ያለች የሱዳን መንደር ናት፤ ሱዳኖች ወንዙን ሰቲት ይሉታል። የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የኤርትራ ድንበር የሚገናኘው እዚያው አካባቢ ነው። በጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ከሁመራና ከአካባቢው የሸሸው ሕዝብ ወንዙን በጀልባ እየተሻገረ የገባው በዚህች መንደር በኩል ነው። የገና ሰሞን በተለያየ በር ወደ ሱዳን የገባው ሰው ከ50 ሺህ በልጦ ነበር፤ ልጆች ደግሞ እጅግ ብዙ ነበሩ። ከፊሉ ሰው ወደ ገዳሪፍ ግዛት፣ ወደ ኡም ራኩባ መጠለያ ተወሰደ። ኡም ራኩባ በ1977ቱ ድርቅ ዘመንም ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ቦታ ነው። ከፊሉ ደግሞ ተራውን እየጠበቀ ሐምዳይት ቆየ። እኔም ከቆዩት አንዱ ነበርኩ፤ ሥራዬ ማስተማር ስለሆነ ከሌሎች ስደተኛ መምህራን ጋር ልጆች ሰብስበን ከግራር ጥላ ሥር ማስተማር ጀመርን። ሰሌዳችን የእርዳታ ካርቶን ነበር፤ ጠመኔ ሲያልቅ በከሰል እንጽፋለን።

የመጀመሪያው ትምህርታችን ገመድ ነበር። ጾመ ነቢያት በተለመደው ዓመት ኅዳር 15 ይገባና እስከ ታኅሣሥ 28 ይጾማል። ልጆቹ ራሳቸው ቆጠሩት፤ ከኅዳር 16 ቀን፣ ከታኅሣሥ 28 ቀን፣ ድምሩ 44። የጆንያ መስፊያ ሲባጎ አምጥተን 44 ቋጠሮ ቋጠርንበት። ስንጀምር ጾሙ ገብቶ ስለነበር ያለፉትን ቀናት በአንድ ላይ ፈታን፤ ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አንድ ልጅ እየወጣ አንድ ቋጠሮ ይፈታል። ሲፈታ ሦስት ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር አለበት፤ ስንት እንደነበረ፣ ስንት እንዳለፈ፣ ስንት እንደቀረ። መቀነስ ያልገባቸው ልጆች ቋጠሮውን በጣታቸው እየዳሰሱ ገባቸው። ትልልቆቹ ደግሞ 44ን በስንት መንገድ እኩል መደርደር እንደሚቻል በቆርኪ ሞከሩ፤ 4 መስመር በ11፣ 2 መስመር በ22። አውሮፓ ውስጥ ልጆች 24 መስኮት ያለው የካርቶን መቁጠሪያ ከሱቅ ይገዛላቸውና በየቀኑ አንድ መስኮት እየከፈቱ ገናን ይጠብቃሉ። የእኛ ጾም ለዚህ የሚሆን ቁጥር ከጥንት አዘጋጅቶ አስቀምጦልናል፤ የሚያስፈልገው ገመድ ብቻ ነው።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በቀኑ ላይ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው ስል አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አምና እኮ በ28 ነው ያከበርነው» አለች። ሌሎቹ ሳቁባት። ልክ ነበረች፤ በ2012 ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው። የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ለዚህ መልስ አለው፤ መልሱም ለአራተኛ ክፍል የማካፈል ትምህርት ልክ የተቆረጠ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምራለህ፣ ድምሩን ለ4 ታካፍላለህ፣ ከዚያ ቀሪውን ታያለህ። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን በሉቃስ ዘመን መጨረሻ 6 ቀን ስለምትሆን በተከታዩ በዘመነ ዮሐንስ ገና በአንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል።

ልጆቹን በሁለት ቡድን ከፍለን እንዲያሰሉ አደረግን። 2012 ሲደመር 5500፣ 7512፤ ለ4 ሲካፈል 1878፣ ቀሪ የለም፤ ዮሐንስ። 2013 ደግሞ 7513 ይሆናል፤ ቀሪው 1 ነው፤ ማቴዎስ። የሳቁባት ልጆች ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቃቸው የተወለዱበትን ዓመት እየደመሩ «እኔ በማርቆስ ነው የተወለድኩት» እያሉ ሲሯሯጡ ዋሉ። አራት አሃዝ ያለውን ቁጥር በአንድ አሃዝ ማካፈል ብዙ ልጅ የሚሰለቸው ትምህርት ነው። የራሱ የልደት ዓመት ሲሆን ግን አምስትና ስድስት ጊዜ ይሠራዋል።

ቀኑን በግእዝ አኃዝ ማጻፍም ጥሩ ነው፤ ፳፱። ሃያ ራሱን የቻለ ምልክት አለው፣ ዘጠኝም አለው፣ ዜሮ ግን የለም። «ታዲያ ዜሮ ለምን አስፈለገን?» ብሎ መጠየቅ ስለ አሥርና አንድ ቤት ብዙ ያስረዳል። እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ አላጠፋንም፤ ለትንንሾቹ ይከብዳል።

ወደ ዶሮው ልምጣ። ባለሙያ ሴት ዶሮን 12 ብልት ታወጣለች፤ ይህን የማያውቅ ልጅ አላገኘሁም። የብልቶቹ አጠራር ከአገር አገር ይለያያል፣ ፈረሰኛና መላላጫ ግን ሁሉም ዘንድ አሉ። ለክፍልፋይ ትምህርት ከ12 የተሻለ ቁጥር የለም፤ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6 ያለ ቀሪ ይካፈላል። 12 ጠጠር መሬት ላይ አስቀምጠን ዶሮ ነው አልን። የዶሮው ሩብ ስንት ብልት ነው? ሦስት። ሲሶውስ? አራት። ግማሹና ሩቡ አንድ ላይስ? ዘጠኝ። ብልቱ ላይ 12 እንቁላል ሲጨመር ደግሞ ማባዛት ይመጣል።

ሐምዳይት ውስጥ ዶሮ የሚያርድ ቤት እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ «እናንተ ቤት ስንት ሰው አለ?» ብለን አልጠየቅንም። ከቤተሰቡ የተለየ፣ አባቱ የት እንዳለ የማያውቅ ልጅ መካከላቸው አለ። ጥያቄውን ያወጣነው ስለ አንዲት የፈጠርናት ቤት ነበር፤ አምስት ሰዎች ያሉባት። 12 ብልት ለ5 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ይደርሰዋል፣ ሁለት ይተርፋል። የተረፈው ሁለት ለማን ይሁን? አንዱ ልጅ «ለእንግዳ» አለ፤ ሌላዋ «ለጎረቤት፣ እነሱ አላረዱም» አለች። አንድ ዝምተኛ ልጅ ቀስ ብሎ «ለመጣ ሰው ይቀመጥ» አለ። መልሳቸውን በአማርኛ አረፍተ ነገር እንዲጽፉ ጠየቅናቸው፤ የሒሳቡ ቀሪ የጽሕፈት ርእስ ሆነ። ሁለቱን ትምህርቶች በአንድ ጥያቄ ማስተማር የሚቻለው እንዲህ ነው፤ ቁጥሩ ውስጥ ሰው ሲኖርበት ልጁ የሚጽፈው አያጣም።

የገና ጨዋታ ደግሞ የልኬት ትምህርት ነው። ጌታ ሲወለድ የምሥራቹን የሰሙ እረኞች በያዙት ዱላ ሩር እየመቱ ደስታቸውን ገለጹ የሚለው ትውፊት በየአገሩ ይነገራል። እኛ ቆልማማ እንጨት አገኘን፣ ሩሩን ከጨርቅ ጠቀለልን። ከመጫወታችን በፊት ግን ዱላው ይለካ አልን። አንዱ ልጅ በስንዝሩ ለክቶ ሰባት ነው አለ፤ ከእሱ የሚበልጠው ልጅ አምስት ነው አለ። እየጮኹ ተከራከሩ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ስንዝራቸው ነው የተለያየው። ሰው ሁሉ የሚስማማበት መለኪያ፣ ሜትር፣ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ከዚያ በየራሳቸው ክንድ ላይ አንድ ክንድ ሁለት ስንዝር ነው የሚባለው እውነት መሆኑን ፈተሹ። የሜዳውን ርዝመትና ወርድ በእርምጃ ለኩ፣ ዙሪያውን ደመሩ፣ ጎሉን እኩል ቦታ ላይ ተከሉ። ከዚያ ተጫወቱ። ጨዋታውን ግማሽ ሰዓት ብቻ ፈቅደን ነበር፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተወናቸው።

ቋንቋው በሐምዳይት የራሱ ሀብት ነበረው። ልጆቹ መካከል ትግርኛ የሚናገር አለ፣ አማርኛ የሚናገር አለ፣ ዐረብኛውን ደግሞ ከገበያ ቶሎ ለቅመውታል። ካርቶኑን በሦስት ዓምድ ከፍለን የበዓል ቃላት ሞላንበት፤ ዶሮ፣ ደርሆ፣ ጂዳድ፤ ሽንኩርት፣ ሽጉርቲ፣ በሰል። ፊደል ገና ያልለዩት ልጆች ገ ጉ ጊ ጋ ጌ ግ ጎን እየጠሩ «ገ» ያለበትን ቃል ሁሉ ከዓምዱ ያድናሉ። ትልልቆቹ የገና ጨዋታን አጨዋወት በአምስት አረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ አረፍተ ነገሮቹን ቆራርጠን አደባልቀን ለጓደኛቸው እንሰጣለን፣ ጓደኛቸው በቅደም ተከተል ይመልሳቸዋል። ቅደም ተከተሉ ከጠፋ ጽሑፉ ግልጽ አልነበረም ማለት ነው፤ ጸሐፊው ራሱ ያስተካክለዋል።

ከሁሉ የወደዱት እንቆቅልሹን ነበር። ደንቡን ያውቁታል፤ አንዱ «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ሌላው «ምን አውቅልህ»፣ ያቃተው አገር ይሰጣል። አዲሱ ነገር እንቆቅልሹን ራሳቸው እንዲፈጥሩ ማድረጋችን ነው፤ ስለ ሩር፣ ስለ ሲባጎው፣ ስለ እንቁላል። እንቆቅልሽ ለመፍጠር ነገሩን ስሙን ሳይጠሩ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ጥሩ ጽሕፈትም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ደብዳቤም ጻፉ። ቀን፣ ሰላምታ፣ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ»፣ ከዚያ የራስ ወሬ፣ ከዚያ ስንብት። ኡም ራኩባ ለገቡ ጓደኞቻቸው ነበር የጻፉት፤ ወደዚያ በሚሄዱ ሰዎች እጅ ላክነው። የሚደርስ ደብዳቤ ሲሆን ልጅ ፊደሉን ያሳምራል።

ሙስሊም ልጆችም አብረውን ነበሩ። ገመዱን ይፈታሉ፣ ዱላውን ይለካሉ፤ የረመዳን ጾም በጨረቃ 29 ወይም 30 ቀን እንደሚሆን ለሌሎቹ ያስረዱት እነሱ ናቸው። በረመዳን ደግሞ ገመዱን የሚቋጥሩት እነሱ እንደሚሆኑ ነገርናቸው።

አሁን በየከተማው ከውጭ የተቀዱ የገና የሥራ ወረቀቶች ሲባዙ አያለሁ። ጥድ ቁጠር፣ የበረዶ ሰው ቀለም ቀባ፣ ለገና አባት ደብዳቤ ጻፍ። ለተዘጋጁበት አገር ልጆች መልካም ናቸው። እዚያ ያሉ መምህራንም የሚያውቁትን በዓል ነው የተጠቀሙት፤ ስለ 12ቱ የገና ቀናት የሚዘፈነውን የእንግሊዝኛ መዝሙር ስጦታዎች እያስደመሩ ልጆቹን 364 ላይ ያደርሷቸዋል። ከእነሱ መውሰድ ያለብን ይህን ዘዴ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ሥር ለሚማር ለሁመራ፣ ለመተማ ወይም ለገዳሪፍ ልጅ የበረዶ ሰው ምኑም አይደለም።

መምህራን፣ ወላጆች፣ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሲባጎ፣ ጠጠር፣ ቆልማማ እንጨትና አንድ ካርቶን ነው። ኅዳር 15 ገመዱን ከልጆቻችሁ ጋር ቋጥሩ። 2020 ዓ.ም. ሲመጣ ደግሞ ገና በስንት እንደሚውል ቀድማችሁ አትንገሯቸው፤ 5500 ደምረው፣ ለ4 አካፍለው ታኅሣሥ 28 መሆኑን ራሳቸው ይድረሱበት።