ባንኩ ፈርሶ የኖረው ገንዘብ፤ የሶማሊያ ሽልንግ

በ1,000 የሶማሊያ ሽልንግ ኖት ላይ ቅርጫት የሚሰፉ ሴቶች ተስለዋል። የታተመበት ዓመት እ.ኤ.አ. 1990 ይላል። ኖቱ በገበያ ገና ሳይለመድ፣ ያወጣው ማዕከላዊ ባንክ ተዘረፈ፤ ሹማምንቱ ተበተኑ፤ መንግሥቱም ፈረሰ። ሽልንጉ ግን ከገበያ አልወጣም። ከዚያ በኋላ በነበሩት የጦርነት ዓመታት የሞቃዲሾ ባለጉሊቶች ቲማቲምና ሽንኩርት ሸጠውበታል፤ ተሸካሚዎች የቀን ዋጋቸውን ተቀብለውበታል፤ እናቶች ወተት ገዝተውበታል። ከጀርባው የቆመ መንግሥትም ሆነ የወርቅ ክምችት የሌለው ወረቀት ይህን ያህል መሥራቱ የገንዘብ ታሪክ ከመዘገባቸው እንግዳ ነገሮች አንዱ ነው።

የሽልንጉ አጀማመር እንደማንኛውም አገር ገንዘብ ነበር። በጣሊያን ሞግዚትነት ሥር የቆየው ደቡብ እና እንግሊዝ ያስተዳደረችው ሰሜን በ1960 ተዋሕደው ነጻ አገር ሲሆኑ፣ ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸው ገንዘብ ነበራቸው። በ1962 አንድ ሽልንግ ሁለቱን ተካ። ከዚያ ወዲህ እስከ 1989 ድረስ ትልቁ ኖት ባለ 100 ነበር። በ1989 ባለ 500፣ በ1990 ባለ 1,000 ታተመ። ዜሮ የጨመረው አገሪቱ ስለበለጸገች አልነበረም። በሰሜን ከ1988 ጀምሮ ጦርነት እየነደደ፣ የመንግሥት ካዝና ባዶ እየሆነ፣ ወጪው በማተሚያ ማሽን ይሸፈን ነበር። ጥር 1991 (በእኛ ጥር 1983 ዓ.ም. መሆኑ ነው) ፕሬዚዳንት ዚያድ ባሬ ሞቃዲሾን ለቀው ሲሸሹ፣ ሽልንጉ ከወዲሁ በእጅጉ ተዳክሞ ነበር።

ባንኩ ሲወድቅ ገንዘቡም አብሮ ይወድቃል ብሎ መገመት ተገቢ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ባንኩ ሲዘጋ አዲስ ኖት ማተምም ቆመ፤ በሰው እጅ ያለው ወረቀት ብዛቱ የተወሰነ ሆነ። ትልልቁ ንግድ፣ ማለትም ከዱባይ የሚመጣው ሸቀጥ፣ የመኪናና የቤት ግዢ፣ በዶላር ሆነ፤ ዶላሩም በውጭ ከሚኖሩ ዘመዶች በሐዋላ ይገባ ነበር። ትንሹ ግብይት ግን ዝርዝር ይፈልጋል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዝርዝር ሽልንጉ ብቻ ነበር። ዛሬ የተቀበልኩትን ነገ ጎረቤቴ ይቀበለኛል የሚለው እምነት የጠፋውን ባንክ ቦታ ያዘ።

በሌሎች የእርስ በርስ ጦርነቶች እንዲህ አልሆነም። ከ1861 እስከ 1865 በአሜሪካ ጦርነት የደቡብ ግዛቶች ያሳተሙት ዶላር፣ ከሰሜኑ ጋር የሰላም ውል ከጸደቀ ከስድስት ወር በኋላ እንደሚከፈል በብዙ ኖቶች ላይ ተጽፎበት ነበር። ዋጋው ከጦር ሜዳ ወሬ ጋር ይወጣና ይወርድ ነበር፤ በ1863 በጌቲስበርግና በቪክስበርግ ሽንፈት ሲደርስ አሽቆለቆለ። ማተሚያውም ስላልቆመ፣ በጦርነቱ ማብቂያ የሸቀጥ ዋጋ ከመነሻው ከ90 እጥፍ በላይ ንሮ ነበር። ደቡቡ ሲሸነፍ ወረቀቱ ከነተስፋው ቀረ። የሶማሊያ ሽልንግ ግን የማንም ወገን ድል የሚጠበቅበት አልነበረም፤ የሁሉም ስለነበር ተዋጊዎቹ ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ ያዙት።

የወገን ገንዘብ ለማድረግ ያልተሞከረ እንዳይመስል። በ1991 ራሱን መንግሥት ብሎ የሰየመው የአሊ ማህዲ ሞሐመድ ወገን ባለ 20 እና ባለ 50 አዲስ ሽልንግ አሳተመ። ኖቱ ደጋፊዎቹ በሚኖሩበት በሰሜን ሞቃዲሾ ሲሠራ፣ የተቀናቃኙ የጄኔራል አይዲድ ኃይሎች የያዙት ደቡቡ አልቀበልም አለ። አንድ ከተማ በጦር ግንባር ብቻ ሳይሆን በገንዘብም ለሁለት ተከፈለ።

ከዚህ የተማሩት የጦር አበጋዞችና ነጋዴዎች ሌላ መንገድ ያዙ፤ አዲስ ኖት ከማውጣት ይልቅ ሰው የለመደውን አሮጌውን አስመስሎ ማሳተም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በውጭ አገር የታተመ ሽልንግ እየተጫነ ገባ። ከአስመሳዮቹ መካከል በ1998 የተመሠረተው የፑንትላንድ አስተዳደርም ነበረበት። ጭነት በገባ ቁጥር የምንዛሬው ዋጋ ተንኮታኮተ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ዶላር ከ10,000 ሽልንግ በታች ይመነዘር የነበረው፣ በ2001 መጨረሻ ከ20,000 በላይ ሆነ፤ በ2008 ደግሞ 30,000 አለፈ። በዚያው ዓመት ግንቦት የሞቃዲሾ ነጋዴዎች ያረጁ ኖቶችን አንቀበልም ሲሉ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በተኩስ ሰዎች ሞቱ።

ውድቀቱ ግን መሬት ነበረው። አንድ ዶላር 25,000 ሽልንግ ሲሆን፣ ባለ 1,000 ኖት የሚያወጣው አራት የአሜሪካ ሳንቲም ነው። አንዷን ኖት አሳትሞ፣ አጓጉዞ፣ ጠባቂና ደላላ ከፍሎ ገበያ ለማድረስ የሚወጣው ወጪም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዋጋው ወደዚያ ሲጠጋ አስመስሎ ማተም ትርፍ አጣ። መንግሥት ያለበት አገር ቢሆን ኖሮ ባለ 10,000፣ ባለ 100,000 እያለ ዜሮ ይጨምር ነበር፤ ዚምባብዌ እንዲህ ሄዳ በመጨረሻ ገንዘቧን እስከ መተው ደርሳለች። በሶማሊያ ግን ዜሮ ለመጨመር የሚታመን አካል አልነበረም፤ ማንም የማያውቀውን ትልቅ ኖት ይዞ ቢመጣ ገበያው ይመልሰዋል። ስለዚህ መንግሥት አለመኖሩ ራሱ ለዋጋ ንረቱ ገደብ ሆነለት።

ይህ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎችን ያስደነቀ ነገር ነው፤ ያስከፈለው ዋጋ ግን ሊረሳ አይገባም። አስመጪው በዶላር ገዝቶ በዶላር ይተምናል፤ ሽልንጉ ሲወድቅ ዋጋ ጨምሮ ይተርፋል። ጭነቱን ያስገባው ሰው ደግሞ ገበያው ሳይነቃ በአዲሱ ወረቀት ዶላርና ከብት ይሰበስባል። ግመል ወተት በጀሪካን አምጥታ የምትሸጥ ሴት፣ በወደቡ ጆንያ የሚሸከም ወጣት፣ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ግን ያላቸው ሽልንግ ብቻ ነው። ትናንት ለሦስት ቀን ይበቃ የነበረው እስር ሽልንግ ዛሬ ለአንድ ቀን አይበቃም። ጦርነቱን ካራዘሙት ወጪዎች አንዱን የከፈሉት፣ ግብር አስከፋይ ሳይመጣባቸው፣ እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ሰሜኑ የራሱን መንገድ ያዘ። በግንቦት 1991 ነጻነቷን ያወጀችው ሶማሊላንድ በ1994 በፕሬዚዳንት ሞሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ዘመን የራሷን ሽልንግ አወጣች፤ አንዱ በ100 የሶማሊያ ሽልንግ ተለወጠ። ወዲያው በሐርጌሳ የእርስ በርስ ውጊያ ሲነሳ መንግሥቱ ወጪውን በዚሁ ኖት ሸፈነ፤ ዋጋውም ቶሎ መውረድ ጀመረ። ለኢጋል መንግሥት ያልተገዙት የምሥራቅ አካባቢዎች ለዓመታት በአሮጌው ገንዘብ ቀጠሉ። ዛሬ የሐርጌሳ መንዛሪዎች በመንገድ ዳር የሽልንግ እስር እንደ ጡብ ደርድረው ይቀመጣሉ፤ ጫቱን ከአወዳይ የሚያመጣው ንግድና የቶጎ ውጫሌ ገበያም ከኢትዮጵያ ብር ጋር በየዕለቱ ያገናኘዋል።

የወረቀቱን ሸክም ያቀለለው ስልክ ነው። በ2009 በሶማሊላንድ ዛድ፣ ትንሽ ቆይቶ በሞቃዲሾ ኢ.ቪ.ሲ. ፕላስ የተባሉት የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ተጀመሩ፤ ሂሳቡ የሚያዘው በአብዛኛው በዶላር ነው። 100 ዶላር በሽልንግ 2,500 ኖት በሚሆንበት ገበያ፣ ሰው ለስልኩ ማድላቱ አያስገርምም። የዓለም ባንክ ባደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ ከሆኑት ሶማሊያውያን ከሰባ በመቶ በላይ አገልግሎቱን ይጠቀማሉ። ሽልንጉ የታክሲ መልስ፣ የሻይና የጉሊት ገንዘብ ሆኖ ቀረ።

ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት አይ.ኤም.ኤፍ. በገበያ ከሚዘዋወረው ሽልንግ 98 በመቶ ያህሉ ሐሰተኛ መሆኑን በ2017 አስታውቋል። ዳግም የተቋቋመው ማዕከላዊ ባንክ አዲስ ኖት ለማሳተም ሲዘጋጅ ዓመታት አልፈዋል። ከኅትመቱ ጥራት በላይ አሳሳቢው ጉዳይ አሮጌው ወረቀት በስንት ይለወጣል የሚለው ነው። ሐሰተኛ ነው ተብሎ ቢሰረዝ ተጎጂዋ ኖቱን አምና የተቀበለችው ባለጉሊት እንጂ ያሳተመው አበጋዝ አይደለም፤ እርሱ ዶላሩን ይዞ ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ የትኛውም የለውጥ ዕቅድ መጀመሪያ ማስላት ያለበት፣ ቁጠባዋ በሙሉ በባለ 1,000 ኖት የተቀመጠ ሴት ከባንኩ መስኮት ምን ይዛ እንደምትመለስ ነው።