አየር በ300 ባር፦ የአየር ጠመንጃ ሲሊንደር መሙያን በቤት ውስጥ ማሰናዳት

በጎሚስታ ደጃፍ የሚያጓራው ኮምፕሬሰር አየርን የሚያምቀው ከ8 እስከ 10 ባር ድረስ ነው። ለቤት መኪና ጎማ ከ2 ባር ትንሽ አለፍ ያለ ግፊት ይበቃል። ቀድሞ በአየር የሚሞላው ዘመናዊ የአየር ጠመንጃ ግን ከ200 እስከ 300 ባር ይፈልጋል። 1 ባር በባሕር ወለል ላይ ካለው የከባቢ አየር ግፊት ጋር የተቀራረበ ነው። ግፊቱ 300 ባር ሲደርስ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሲሊንደር ግድግዳ ላይ ከሦስት ኩንታል በላይ ኃይል ያርፋል።

ዒላማ ተኳሾች ይህን ያህል ግፊት ከየት ያመጣሉ? መሙያውን ራሳቸው መገጣጠም የሚሹትስ ምን ማወቅ አለባቸው? የዚህ ምዕራፍ መልስ አጭር ነው። መሙያውን መገጣጠም ይቻላል፤ ግፊቱን የሚሸከመውን ዕቃ በቤት ውስጥ መሥራት ግን አይገባም። ምክንያቱን ለመረዳት አየር ሲታመቅ ምን እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

አሮጌ ሐሳብ፣ አዲስ ግፊት

በአየር መተኮስ የትናንት ፈጠራ አይደለም። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1780 ገደማ ጀምሮ የታጠቀው የጂራርዶኒ ጠመንጃ ባሩድ አያሻውም ነበር። ጥይቱን የሚያስፈነጥረው በብረት ሰደፉ ውስጥ የታመቀው አየር ነው። ሰደፉን ለመሙላት ወታደሩ የእጅ ፓምፕ 1500 ጊዜ ያህል መግፋት ነበረበት፤ ግፊቱም 55 ባር ገደማ እንደነበር ይገመታል። ጠመንጃው በዘመኑ አስደናቂ ቢሆንም የአየር ማጠራቀሚያው ለመሥራትም ለመጠገንም አስቸጋሪ ስለነበር ከአገልግሎት ወጣ። ዛሬ በኦሎምፒክ የ10 ሜትር ውድድር የምናያቸው ጠመንጃዎች በአብዛኛው የሚሠሩት 200 ባር በሚይዝ ሲሊንደር ነው። የዘመኑ ብረትና የዘመኑ ፍተሻ ለጂራርዶኒ ያልተቻለውን አስችለዋል።

ሙቀቱን መግራት

የብስክሌት ጎማ የነፋ ሁሉ የፓምፑ ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። አየር በፍጥነት ሲታመቅ ይሞቃል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን አየር በአንድ ምት ወደ 300 ባር ብናደርሰውና ሙቀቱ የሚወጣበት ፋታ ባያገኝ፣ በስሌት 1200 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ይህን የሚችል ኦሪንግም (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ዘይትም የለም።

ስለዚህ ሥራው በየደረጃው ይከፋፈላል። በሦስት ደረጃ የሚሠራ ኮምፕሬሰር አየሩን መጀመሪያ ወደ 7 ባር፣ ቀጥሎ ወደ 45፣ በመጨረሻም ወደ 300 ባር ያደርሰዋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ሙቀቱ እስከ 230 ዲግሪ ገደማ ሊወጣ ይችላል። አየሩ ወደ ቀጣዩ ከመግባቱ በፊት ግን በተጠማዘዘ የብረት ቱቦ ውስጥ እያለፈ በውሃ ወይም በማራገቢያ ይቀዘቅዛል። የማቀዝቀዣ ውሃ በባልዲ አሰናድቶ በትንሽ ፓምፕ ማዘዋወር በቤት ውስጥ በቀላሉ የሚሠራ ጠቃሚ ሥራ ነው።

የመጨረሻው ፒስተን ቀጭን የሚሆነውም በግፊቱ ምክንያት ነው። 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ፒስተን በ300 ባር ላይ ለመግፋት 240 ኪሎ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ስፋቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ሲወርድ 86 ኪሎ ገደማ ይበቃል። በእጅ የሚገፋ ባለ ሦስት ደረጃ ፓምፕ በሰው ክብደት ብቻ 200 ባር የሚደርሰው በዚህ ብልሃት ነው።

ውሃና ዘይት

አየር እርጥበት አለው። 7 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ300 ባር ሲሞላ ከውጭ 2000 ሊትር ያህል አየር ይገባበታል። አየሩ 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ካለው፣ በውስጡ 20 ግራም ገደማ ውሃ አለ፤ አራት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በታመቀው አየር ውስጥ እንደ ተን ሊቆይ የሚችለው ከዚህ እጅግ ጥቂቱ ነው። ቀሪው ጠብታ ይሆንና ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የጠመንጃውንም ቫልቭ ያበላሻል። ከኮምፕሬሰሩ ቀጥሎ የውሃ መለያ፣ ከዚያም እርጥበት መጣጭ ጠጠሮችና አክቲቭ ካርቦን የያዘ ማጣሪያ የሚገጠመው ለዚህ ነው። የመለያው ማፍሰሻም በየጥቂት ደቂቃው መከፈት አለበት።

ከውሃ የባሰ አደገኛ የሆነው ዘይት ነው። ከፔትሮሊየም የተሠራ ዘይት ወይም ግራሶ በታመቀና በጋለ አየር ውስጥ እንደ ናፍጣ ሞተር ራሱ ይቀጣጠላል። ኦሪንጎች የሚለሰልሱት አምራቹ በፈቀደው የሲሊኮን ቅባት ብቻ ነው። አንዳንድ የእጅ ሥራ ወዳዶች ያረጀ የፍሪጅ ኮምፕሬሰርን ለመጀመሪያው ደረጃ ያውላሉ፤ የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ግን ዘይቱን ከአየሩ ጋር ስለሚያወጣ ለዚህ ሥራ አይመከርም። የሐኪም ቤት ወይም የበያጅ ኦክስጅንማ በምንም ምክንያት ወደ አየር ጠመንጃ መግባት የለበትም። ጥቂት ቅባት ካገኘ ይፈነዳል።

ዕቃው ውስጥ የታሰረው ጉልበት

300 ባር የያዘ የአንድ ሊትር ሲሊንደር በድንገት ቢፈነዳ የሚለቀው ጉልበት ወደ 60 ኪሎ ጁል ይደርሳል። ይህ አንድ ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲበር ካለው ጉልበት ጋር እኩል ነው። የእሳት ማጥፊያ ቆርቆሮ፣ የወጥ ቤት ጋዝ ሲሊንደር ወይም በብየዳ የተሠራ ቧንቧ ለዚህ አልተሠሩም። ፋብሪካ የሠራውን ሲሊንደር መብሳት፣ መበየድ ወይም ጥርሱን እንደገና ማውጣትም ፍተሻውን ከንቱ ያደርገዋል።

ትክክለኛው ሲሊንደር መታወቂያው አንገቱ ላይ ተቀርጿል፦ የሥራ ግፊቱ፣ የተፈተነበት ግፊትና የፍተሻው ቀን። በአውሮፓ 300 ባር የሚሞላ ሲሊንደር የሚፈተነው በ450 ባር ነው። በአሜሪካ የጠላቂዎች ሲሊንደር በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተናል። በካርቦን ፋይበር የተጠቀለሉት ደግሞ በአብዛኛው 15 ዓመት ሲሞላቸው ከአገልግሎት ይወጣሉ፤ ሲታዩ አዲስ ቢመስሉም እንኳ።

አሞላሉ

የተሟላ መሙያ ሲሊንደር፣ ቫልቭ፣ የግፊት መለኪያ፣ ቀጭን የከፍተኛ ግፊት ቱቦ፣ አየር ማስተንፈሻ እና ጠመንጃውን የሚይዝ ፈጣን ማገናኛ አለው። እያንዳንዱ ዕቃ ከሚሞላው ግፊት በላይ እንዲችል በፋብሪካ የተመሰከረለት መሆን አለበት።

ሲሞሉ መጀመሪያ የማስተንፈሻውን ብሎን ይዝጉ። ቱቦውን ያገናኙና የሲሊንደሩን ቫልቭ በጥቂቱ ይክፈቱ። የመለኪያው መርፌ በዝግታ መውጣት አለበት፤ ቸኩሎ የተሞላ ዕቃ ይግላል። በ50 ዲግሪ 300 ባር ያሳየ ሲሊንደር ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 272 ባር ገደማ ላይ ይገኛል። በጠመንጃው ላይ የተጻፈው ግፊት ሲደርስ ቫልቩን ይዝጉ፤ ከዚያ ማስተንፈሻውን ይፍቱ። ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ፉጨቱን ጨርሶ መርፌው ዜሮ ላይ ሳያርፍ ማገናኛው አይነካም። ግፊት ያለበት ቱቦ ቢላቀቅ እንደ ጅራፍ ይገረፋል። አየር እየሾለከ እንደሆነ የሚጣራውም በሳሙና ውሃ ነው፤ ጣት ማስጠጋት አይገባም፤ ቀጭን የአየር ጅረት ቆዳ ሊበሳ ይችላልና። መነጽርም አይለይዎ።

7 ሊትርና 300 ባር ያለው ሲሊንደር 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝን የጠመንጃ ዕቃ ከ100 ወደ 200 ባር ሲሞላ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚያጣው 4 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሲሊንደር ከ20 ጊዜ በላይ ያገለግላል። ለብዙ ተኳሽ ኮምፕሬሰር ከመግዛት ይልቅ ሲሊንደሩን በጠላቂዎች የአየር መሙያ ጣቢያ ማስሞላት የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሕጉንም አስቀድመው ይወቁ። በእንግሊዝ ያለ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ጉልበት ከ16 ጁል ገደማ፣ በጀርመን ደግሞ ከ7.5 ጁል ማለፍ የለበትም። በሌሎች አገሮች ጠመንጃው ራሱ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል።

ቱቦውን፣ ማጣሪያውንና ማቀዝቀዣውን በገዛ እጅዎ ቢገጣጥሙ ዕውቀትም ቁጠባም ያገኛሉ። ሲሊንደሩን ግን ከታወቀ አምራች ይግዙ፣ በጊዜው ያስፈትኑ። የፍተሻ ቀኑ ያለፈበትን ወይም ታሪኩ የማይታወቀውን ሲሊንደር ማንም ርካሽ ነው ቢልዎ አይሙሉት።