የትንንሽ ሴት ልጆች ብልት ለምን ይቆጣል?

በአምስት ዓመት ልጇ የውስጥ ሱሪ ላይ ቢጫ ፈሳሽ ያየች እናት ጉዳዩን ለጎረቤት ቀርቶ ለባሏም መንገር ይከብዳታል። ስለዚህ ዝም ብላ የምታውቀውን ታደርጋለች። ውሃ ታሞቃለች፣ ጨው ወይም ዴቶል ጠብ ታደርግበታለች፣ በሳሙና አጥብቃ ታጥባታለች። አልሻል ሲል ፋርማሲ ሄዳ ለራሷ ታዝዞላት የነበረውን የፈንገስ ቅባት ትገዛለች። ሁሉም ከፍቅር የሚደረግ ነው፤ አብዛኛው ግን ቁጣውን ያባብሰዋል። የልጅ ገላ ከአዋቂዋ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 አልበርት ዶደርላይን የተባለ ጀርመናዊ የማህፀን ሐኪም በጤናማ ሴቶች ብልት ውስጥ አሲድ የሚሠሩ ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ ጻፈ። ዛሬ ላክቶባሲለስ እንላቸዋለን፤ ወተትን ወደ እርጎ ከሚለውጡት ጋር አንድ ወገን ናቸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ግን ቀለብ ሲያገኙ ነው። ቀለቡን የሚያዘጋጅላቸው ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ የብልትን የውስጥ ግድግዳ ያወፍራል፣ ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችትም ያኖርበታል። ከዚያ የሚገኘው ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ሲለወጥ የብልቱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ3.8 እስከ 4.5 ይሆናል። እንዲህ ባለ ቦታ ከአንጀት የሚመጡ ጀርሞች አብዛኞቹ አይመቻቸውም።

አራስ ሕፃንም ይህ ጥበቃ ለጥቂት ሳምንታት አላት፤ ከእናቷ ደም የተሻገረው ኤስትሮጅን ገና አልጠፋምና። ከተወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ዳይፐሯ ላይ ነጭ ፈሳሽ፣ አንዳንዴም ጥቂት ደም የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ሆርሞኑ ሲያልቅ በራሱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ እስከ ጉርምስና ድረስ ልጅቷ ያለ አሲዱ ትቆያለች። ግድግዳው ስስ ነው፣ ፒኤቹ ወደ 7 ይጠጋል፣ ከንፈሮቹም እንደ አዋቂ ሴት ስብና ፀጉር ስለሌላቸው በደንብ አይሸፍኑም። ፊንጢጣው ደግሞ ቅርብ ነው። ስለዚህ በጤነኛ ልጅ ብልት ውስጥ የቆዳና የአንጀት ባክቴሪያዎች ተደባልቀው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ላቦራቶሪው «ባክቴሪያ ተገኝቷል» ስላለ ብቻ አንቲባዮቲክ መጀመር ተገቢ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

የሆርሞኑ ጉልበት በዚሁ አቆጣጠር በ1933 በአሜሪካ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ በግልጽ ታይቷል። ሮበርት ሉዊስ የተባለ ሐኪም ጨብጥ ለያዛቸው ትንንሽ ሴት ልጆች ኤስትሮጅን ሰጠ። ፔኒሲሊን ገና ለሕክምና ያልዋለበት ዘመን ነው። ሆርሞኑ የብልቱን ግድግዳ አወፈረው፣ ጀርሙም መቆያ አጣ። በዚህ መንገድ መታከም ግን ጡት ያለ ዕድሜ እንዲያድግ የማድረግ ጣጣ ነበረበት፤ አንቲባዮቲክ ሲመጣም ቀረ። ከታሪኩ የሚገባን ልጅቷን የሚያጋልጣት በዋነኛነት የዕድሜዋ ሁኔታ መሆኑ ነው። የእናትየው ንጽህና ጉድለት ተደርጎ መወሰዱ ብዙ እናቶችን ያለ ጥፋታቸው አሳፍሯል።

አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ቢፈልግም አንድ የተለየ ጀርም አያገኝም። የሚያገኘው ጥቃቅን የዕለት ተዕለት ነገሮችን ነው። ልጅቷ ከተጸዳዳች በኋላ ከኋላ ወደ ፊት ትጠርጋለች። ትምህርት ቤት ሽንት ቤቱ ውሃ ስለሌለው ወይም ስለሚያስፈራት ጉልበቷን ገጥማ ቶሎ ሸንታ ትነሳለች፤ ሽንቱ ወደ ብልቷ ተመልሶ ይገባና ቆይቶ የውስጥ ሱሪዋን ያረጥባል። ናይለን ታይት ቀኑን ሙሉ ትለብሳለች። ሽታ ያለው ሳሙና ስሱን ቆዳ ያደርቀዋል፤ ዴቶል ደግሞ ያቃጥለዋል።

መድኃኒቱም እንደ መንስኤው ቀላል ነው። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ንጹህ ውሃ ብቻ አድርገው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያስቀምጧት፤ ሳሙና አይጨምሩ። ከዚያ በለስላሳ ፎጣ ሳይፈትጉ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁላት። ቀን የጥጥ የውስጥ ሱሪ ትልበስ፤ ማታ ያለ ሱሪ በሰፊ ቢጃማ ትተኛ። ስትሸና ጉልበቷን ከፈት እንድታደርግ፣ ከፊት ወደ ኋላ እንድትጠርግ ያስተምሯት። ብዙዎቹ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል።

ማሳከኩ ማታ ማታ ከባሰ ግን ነጭ ክር የምትመስለውን ትንሽ ትል መጠርጠር ነው። ሴቷ ትል ልጅ ሲተኛ ከአንጀት ወጥታ በፊንጢጣ ዙሪያ እንቁላል ትጥላለች፤ አንዳንዴም ወደ ብልት ትገባለች። ልጅቷ እንቅልፍ ከወሰዳት ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ በባትሪ ቢያዩ ስትንቀሳቀስ ሊያገኟት ይችላሉ። ጠዋት ሳትታጠብ ስኮች ፊንጢጣዋ ላይ ለጥፎ በማንሳትም እንቁላሉን በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። ሕክምናው ለቤተሰቡ በሙሉ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ይደገማል።

ከጉሮሮ ሕመም ጋር ወይም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ደማቅ ቅላትና ሕመም ሌላ ነገር ነው። ቶንሲል የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ በእጅ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል። ሺጌላ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያም በትንንሽ ልጆች ላይ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ያመጣል፤ ተቅማጥ ሳይኖርም ሊከሰት ይችላል።

የፈንገሱ ነገር በተለይ ያሳስበኛል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ምርመራ የሚገዛው ቅባት የእሱ ነውና። ካንዲዳ የተባለው ይህ ፈንገስ ኤስትሮጅን ያለበትን ገላ ይወዳል። ስለዚህ ዳይፐር በተወች፣ ጉርምስና ባልጀመረች ልጅ ላይ ብዙም አይታይም። በእርግጥ ከተገኘ መጠየቅ ያለበት «ለምን?» ነው። በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስዳ እንደሆነ ይጠየቅ። ውሃ የሚጠማት፣ ሽንት የሚያመላልሳትና የምትከሳ ከሆነ ደግሞ የደም ስኳሯ በዚያው ቀን ይለካ።

መጥፎ ሽታ ያለውና ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ብልት ውስጥ የቀረ ነገር ምልክት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሶፍት ቁራጭ ነው። እቤት ለማውጣት አይሞክሩ።

በመጨረሻ የሚያስፈራው ጥያቄ አለ። የልጆች ብልት መቆጣት በአብዛኛው ከጥቃት ጋር አይገናኝም፤ ልጅቷን በጥያቄ ማስጨነቅም አይገባም። ነገር ግን ጨብጥ ወይም ሌላ የአባላዘር በሽታ ከተገኘባት፣ ቁስል ከታየ፣ ወይም ራሷ ከተናገረች ይመኗት። ገላዋን ሳያጥቡ፣ የለበሰችውን ልብስ ሳያጥቡ ሆስፒታል ይውሰዷት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይም ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።