«አቋቋም» ወይስ «አኳኋን»፦ የሥዕል ሙያ ለመዝገበ ቃላት የሚያቀርበው ጥያቄ

ሠዓሊ ከገዛ ሐሳቡ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ በወረቀት ላይ ሊያሳርፍ ሲነሣ፣ ሰውየው ቆሞ ይታይ ወይስ ተቀምጦ፣ ተደግፎ ወይስ ተንበርክኮ የሚለውን አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። ይህን የአካል ሁኔታ በጥቅል ለመጥራት «ፖዝ»፣ «አቋቋም» እና «አኳኋን» የሚሉ ስያሜዎች ሲነገሩ ይሰማል። ከሦስቱ የትኛው ለሙያው እንደሚስማማ እንመረምራለን።

«ፖዝ» ከፎቶ ቤት የመጣ ቃል ነው፤ ፎቶግራፍ ለመነሣት ቀጥ ብሎ የሚጠብቅን ሰው ስለሚያስታውስ፣ ሲሮጥ ወይም ሲወድቅ ለሚሣል ሰው አይመችም። «አቋቋም» ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት በጸናጽል፣ በከበሮና በመቋሚያ የሚከናወነው የዜማ ሙያ መጠሪያ ነው። ከዚህም በላይ ከ«ቆመ» የወጣ በመሆኑ ወደ ቆመ ሰው ያደላል። በአንድ የሥዕል ክፍል ተገኝተን ሳለ መምህሩ «ልዩ ልዩ አቋቋም ሣሉ» ብለው ቢያዙ፣ ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የቆመ ሰው ሣሉ። ጥፋቱን በተማሪዎቹ ላይ ለመጣል አልደፈርንም።

«አኳኋን» ከ«ሆነ» የወጣ ነው። ግሡ በግእዝ «ኮነ» ስለነበረ፣ ጥንታዊው የ«ከ» ድምፅና የዛሬው የ«ሀ» ድምፅ በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ትርጕሙ ሰፊ በመሆኑ መቆምንም መተኛትንም ያቅፋል፤ በሥሩም ቋንቋው ራሱ በአንድ ሥርዐት የሚያወጣቸው «አቀማመጥ»፣ «አተኛኘት»፣ «አደጋገፍ»፣ «አረማመድ» በየግሡ ይሰለፋሉ። ስለሆነም «የአካል አኳኋን» የሚለውን ለጥቅል ስያሜነት እንደግፋለን።

ይሁን እንጂ ስያሜ መምረጡ ከሥራው ቀላሉ ነው። የአካልን አኳኋን የሚናገሩ ግሦችን እኛ የመዝገበ ቃላት ሰዎች ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው እየተካን እንፈታለን። «አቀረቀረ» «አጎነበሰ» ተብሎ፣ «አጎነበሰ» ደግሞ «አቀረቀረ» ተብሎ ቢፈታ አንባቢ ምናልባት ያልፈው ይሆናል፤ ሠዓሊ ግን አንገቱን ልስበር ወይስ ወገቡን ልጠፍ ብሎ ይጠይቃል። ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች የማይወጡበት ፍቺ ሁለቱን ቃላት አልለየም ማለት ነው።

«ተደገፈ» ሲባልም ክብደቱ የት እንደሚያርፍ መታወቅ አለበት። ግሪካዊው ቀራፂ ፖሊክሌይቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት «ጦር ያዥ» በተባለው ሐውልቱ የሰውየውን ክብደት በአንድ እግር ላይ በማሳረፉ ዳሌውና ትከሻው በተቃራኒ አቅጣጫ አዘነበሉ፤ ሐውልቱም ሕይወት ያለው መሰለ። ለዚህ አኳኋን «እግር ማሳረፍ» የሚለው የዕለት ተዕለት አነጋገር ይበቃል።

በመሠረቱ «ገጸ ባሕርይ» የሚለው ስም ራሱ ዓይናችንን ወደ ፊት ይስባል። በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ የሠሩት ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ ግን፣ ገጸ ባሕርዩ ሁለንተናው በጥቁር ቢሞላ እንኳ በጥላው ብቻ ምን እንደሚያደርግ መታወቅ እንዳለበት አስረድተዋል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድም ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ኃጥአን ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይን ከጎን ይሣላሉ፤ በ1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዓድዋ ጦርነት በሚያሳዩ ብዙ ሥዕሎችም ጠላት እንዲሁ ነው። የአካሉ አዟዟር ብቻ ወገኑን ይናገራል።

አማርኛ ለሠዓሊ ያዘጋጀው ሌላም ሀብት አለ፤ ይኸውም ከ«አለ»ና ከ«አደረገ» ጋር የሚነገሩት ግሦች ናቸው። «ደገፍ አለ» በመጠኑ ነው፤ «ድግፍ አለ» ክብደቱን ሁሉ ጥሎ ነው። «ዓይኑን ጨፈን አደረገ» እና «ጭፍን አደረገ» ሁለት የተለያዩ ስሜቶች ናቸው። በአናባቢ ለውጥ የሚገኘውን ይህን ልክ መዝገበ ቃላት ሊመዘግበው ይገባል።

በዚህ መሠረት በረቂቃችን «አቀረቀረ»ን «ወገቡን ሳያጥፍ አንገቱን ወደ ደረቱ ሰበረ፤ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ» ብለን፣ «አጎነበሰ»ን «ከወገቡ ታጥፎ ጀርባውን ወደ ፊት አዘነበለ» ብለን ፈተናቸዋል። «ተኮራመተ» ግን ገና እያከራከረን ነው። ጉልበቱን ወደ ደረቱ መሰብሰቡ ላይ ሁላችንም ተስማምተናል፤ ብርዱ የትርጕሙ አካል ይሁን ወይስ የሥዕሉ ጉዳይ በሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተግባባንም።