ከአሮጌ ማክፒ የሚሠራ መታጠቢያ ገንዳ፦ ከሚሠራው የተበላሸው ይሻላል

ለድግስ የታረደ ሥጋ የሚቀመጥበት ትልቁ ማክፒ፣ በአገር ቤት አጠራር ዲፕ ፍሪዘሩ፣ ሲያረጅ ብዙ ጊዜ መጨረሻው መንገድ ዳር ነው። ስፖርተኞች በበረዶ ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ከበዙ ወዲህ ግን፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈተውን ማክፒ ውሃ ሞልቶ ገንዳ ማድረግ በብዙ አገሮች ተለምዷል። የበጋው ሙቀት ለሚያስጨንቀው የቂርያት ማላኪ ነዋሪም ሐሳቡ የሚያጓጓ ነው። ማክፒው አንድ ሰው ጉልበቱን አጥፎ የሚቀመጥበት፣ ግድግዳው ሙቀት የማያሳልፍ ሣጥን ነው።

አደጋው ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። የቤት ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው፤ ማክፒ ደግሞ ሥጋ እንጂ ውሃና ሰው እንዲይዝ አልተሠራም። የውስጡ ቆርቆሮ መገጣጠሚያዎች ውሃ ያሳልፋሉ። ውሃው በዚያ ሾልኮ ከሽቦ ጋር ከተገናኘ፣ ገንዳው ውስጥ የተቀመጠው ሰው የኤሌክትሪኩ መንገድ ይሆናል። በቤት ኤሌክትሪክ ሣጥን ውስጥ ያለው «ፓሐት» 30 ሚሊ አምፔር ያህል ሲያፈተልክ መስመሩን ይቆርጣል። ሕይወት ያድናል፤ እሱን ተማምኖ ውሃ ውስጥ መግባት ግን አይገባም። ማክፒውን በኤሌክትሪክ የሚያቀዘቅዝ ሰው ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ ሶኬቱን ከግድግዳው መንቀል አለበት። አንድ ቀን መርሳት ይበቃል። የውሃ ማሞቂያ ብረት ከትቶ መግባትማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም።

ይህን ሁሉ አደጋ ተቀብሎ የሚገኘው ጥቅም ደግሞ ትንሽ ነው። 300 ሊትር ውሃ ከ28 ወደ 12 ዲግሪ ለማውረድ 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት መውጣት አለበት። የቤት ማክፒ ይህን ለማድረግ አንድ ቀን ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ከዚያም ካልተቆጣጠሩት ሥራው ማድረቅ ነውና ውሃውን በረዶ ያደርገዋል፤ በረዶ ሲሆን የሚያብጠው ውሃም መገጣጠሚያውን ይከፍተዋል።

ስለዚህ ሞተሩ የሞተው ማክፒ ይሻላል። ገመዱ ተነቅሎ ከሥሩ ሲቆረጥ የሚቀረው ጥሩ ሣጥን ብቻ ነው። ቅዝቃዜ የሚፈልግ ሰው 50 ኪሎ ገደማ በረዶ ቢጨምርበት ያው 300 ሊትር ወደ 12 ዲግሪ ይወርዳል፤ በአንድ ቀን ተኩል ሳይሆን በረዶው እስኪቀልጥ ብቻ። ሙቅ ውሃ የሚሻ ሰው ደግሞ ጣሪያው ላይ ዱድ ሼሜሽ አለለት። 60 ዲግሪ የደረሰ 150 ሊትር ከዱዱ፣ ያንኑ ያህል 25 ዲግሪ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ቅዝቃዜን የሚይዘው ግድግዳ ሙቀትንም ይይዛልና ቶሎ አይበርድም። ፍል ውሃ ወርደው መታጠብ የለመዱ አዛውንቶች ምናልባት ይህኛውን ይመርጡ ይሆናል፤ ግድግዳው ከፍ ያለ ስለሆነ ግን ጠንካራ መረገጫና የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ሥራው ብዙ አይደለም። መገጣጠሚያው ሁሉ ለውሃ በሚሆን ሲሊኮን ይደፈናል፤ እስኪደርቅም ይጠበቃል። ከታች የማፍሰሻ ቀዳዳ ካለው በደንብ ይወተፋል። ግድግዳውን መብሳት ግን አይገባም፤ ከጀርባው የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚያልፍበት ቱቦ አለ፤ በብዙ አዳዲስ ማክፒዎች ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ እሳት የሚይዝ ነው። ውሃው፣ ሣጥኑና ሰውየው ተደምረው ከ400 ኪሎ ስለሚበልጡ ቦታው መሬት ላይ ነው እንጂ በሺኩን ሰገነት ላይ አይደለም።

ክዳኑ ከነማጠፊያው ተፈትቶ ይነሳ። ልጆች በድብብቆሽ ጨዋታ አሮጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብተው ታፍነው ይሞቱ ስለነበር ነው አሜሪካ በ1956 ማቀዝቀዣዎች ከውስጥ እንዲከፈቱ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው። ውሃ ያለበት ገንዳ ደግሞ ያለ ክዳንም ሕፃን ያሰምጣል። ከተጠቀሙ በኋላ ወዲያው ማፍሰስ ነው፤ ውሃው ለአትክልት ወይም ለደረጃ ማጠቢያ ይሆናል። የቆመ ውሃ ትንኝ ያራባል፤ በ2024 በጋ በእስራኤል የተዛመተውን የምዕራብ ናይል ትኩሳት የምታስተላልፈውም ትንኝ ናት።

ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ትንፋሽን በድንገት ይቆርጣል፣ ልብን ያስደነግጣል። ጀማሪ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው አጠገቡ እያለ ይግባ። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች ሴት፣ ስኳር በሽታ እግሩን ያደነዘዘው ሰው፣ ለቀዝቃዛውም ለሙቁም አስቀድሞ የቁፓት ሖሊም ሐኪሙን ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የበዛበት ሰው ማክፒውን መንገድ ዳር መጣል የለበትም። በ2012 በወጣው ሕግ መሠረት አዲስ ማክፒ የሚሸጥ መደብር አሮጌውን ያለ ክፍያ መረከብ አለበት፤ አዲሱ ሲገዛ አሮጌውን እንዲወስዱ መጠየቅ ነው።